በዓይን የታየ ቁጥር

በሰፈሩ «እንዴት አደርሽ?» የሚለው ሰላምታ ከቀረ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ «ስንት አደረ?» ይላል። የሚጠየቀው ስለ ሐይቁ ነው። መልሱን የማያውቅ የለም፤ ጎሕ ሲቀድ በየሰዉ ጆሮ የተሰካችው ትንሽ መሣሪያ፣ ፍሬ የሚሏት፣ ትናገረዋለች። ቢሆንም ይጠያየቃሉ። «ሠላሳ አንድ» ይባባላሉ፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ። ሠላሳ አንድ ማለት ከኤርታ አሌ አፋፍ እስከ ቅልጡ ዓለት ድረስ ሠላሳ አንድ ሜትር አለ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ሲሆን ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ሠርግም ይደገሳል። ሃያ ሲሆን ሁሉም ሰው አንዳንድ ሻንጣ ይዞ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ይህ በዛሂራ ዘመን ሆኖ አያውቅም።

ዛሂራ ገዓስ የራዳሩ ጠባቂ ናት። ደብዳቤ ላይ ሥራዋ ሌላ ረጅም ስም አለው፤ ብርድ ቤት በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሙሚና ግን የምትጠራት «የሐይቁ ሚስት» ብላ ነበር።

«የሐይቁ ሚስት! ባልሽ ስንት አደረ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ቀዝቃዛ ነዋ! እንዲህ ርቆ የሚያድር ባል ምን ይሠራል?»

ይህን በየቀኑ ትላለች። ሰልፉ በየቀኑ ይስቃል።

ራዳሩ በሰሜኑ አፋፍ ላይ፣ በአራት ሜትር ምሰሶ አናት ተሰቅሎ ቁልቁል ሐይቁን ያያል። ጭስም ጭጋግም አያግደውም። ሆኖም አንድ የማያየው ነገር አለ፤ እሱም የቆመበት መሬት ነው። ከሥር ያለው ግፊት ሲጨምር ሐይቁም አፋፉም አብረው ሊነሱ ይችላሉ። ሁለቱ እኩል ከተነሱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ራዳሩም ሠላሳ አንድ ማለቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ማሽኑ ሐይቁን ሲለካ፣ ማሽኑን ደግሞ ሰው ይለካዋል። በየቅዳሜው ዛሂራ ተራራውን ትወጣለች። ከአፋፉ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ፣ በአሮጌው ዓለት ላይ ከተመታው የብረት ችንካር አጠገብ ትቆማለች። በውሃ ልክ መነጽር ወደ ምሰሶው ታያለች። በምሰሶው ላይ በቀይና በነጭ የተቀባውን ቁጥር አንብባ ትመዘግባለች። ደንቡ «በሰው ዓይን» ይላል። ቁጥሩ ከሃያ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለወጠ፣ ራዳሩ የፈለገውን ቢል ሰፈሩ ይነሳል።

ቁጥሩ ሁለት ሜትር ከአርባ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሜትር ከአርባ ነበር።

ደጁ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ለሰው አይሆንም። በእነዚያ ሰዓታት ሕዝቡ ሁሉ ከመሬት በታች ብርድ ቤት ውስጥ ይተኛል። ብርዱን የሚሠራው ማሽን የሚንቀሳቀሰው በተራራው እሳት ነው፤ ይህን እንደ ተአምር የሚያነሳ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እያንዳንዱ ሰው ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ ስፋቱ ሰባ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦታ አለው። ቦታ የሚገኘው በሥራ ነው፤ ሥራ የለቀቀ ቦታ ይለቃል። ዛሂራ 212 ነበረች፣ ሙሚና 213። ሙሚና ጎኗን ስታዞር ጉልበቷ ቀጭ ይላል፤ «ይቅርታ፣ በሩ ዘይት አጥቶ ነው» ትላለች።

ተራራው ሲወጡት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የብርድ ቤቱ በር አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ለማንም አይጠብቅም።

በመጋቢት የመጀመሪያው ቅዳሜ ዛሂራ እግሯን አሟት ነበር። አልወጣችም። መዝገቡ ላይ ሁለት ሜትር ከአርባ ብላ ጻፈች። ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ቅዳሜ እግሯ ደህና ነበር። አሁንም አልወጣችም። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን እንዲሁ አሳለፈች። ምክንያት ብትጠየቅ የምትለው አልነበራትም። ጠዋት መተኛት ይጥማል፤ ቁጥሩ ደግሞ ተለውጦ አያውቅም።

ከስድስተኛው ቅዳሜ በፊት በነበረው ሐሙስ አጎቷ ሁመድ መጣ።

ሁመድ የእናቷ ወንድም ነው። በሰፈሩ ጆሮው ላይ ፍሬ የሌለው እሱ ብቻ ነበር። «ጆሮዬን ለሰው ነው የማኖረው» ይላል። ፍየሎቹን የሚነዳው በዳጉ ነው። ዳጉ ከማሽኖቹ በፊት የነበረ የአፋር ወግ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጢጥ ይላሉ፤ አንዱ ሌላውን ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ብሎ ይጠይቃል። የትኛው ጉድጓድ ውሃ ያዘ፣ የትኛው ደረቀ፣ ማን ታመመ፣ ዝናብ የት ጣለ፤ ሁሉም ይነገራል። ዳጉ ያልሰጠ ነውረኛ ነው። የሐሰት ዳጉ ያስተላለፈ ግን ከዚያ ይብሳል። ፍሬዋ ስለ ሐይቁ እንጂ ስለ ጉድጓድ አትናገርም፤ ስለዚህ ከብት ያለው ሁሉ እስከ ዛሬ በዳጉ ይኖራል።

ሁመድ ከራዳር ጣቢያው ቧንቧ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እሷም ተቀመጠች። ሰዓቱ ሦስት ከአርባ ነበር።

«ምን አየሽ?»

«ሠላሳ አንድ አደረ፣ አጎቴ።»

«እሱንማ ድንጋዩም ሰምቷል።» በበትሩ አፈሩን ጫር ጫር አደረገ። «ፍየሎቼ የደቡቡን ግጦሽ እምቢ ካሉኝ ሦስት ቀናቸው። መሬቱን በመዳፌ ነካሁት፤ እንደ በሽተኛ ግንባር ነው። ደቡብ መስመር፣ እነ ሙሚና ቤታቸው ባለበት መንደር፣ ሰዉ ዕቃ መቋጠር ጀምሯል። ዛሂራን ጠይቅልን ብለው ነው የላኩኝ።»

«መሬቱ መቼ ነው ሞቆ የማያውቀው?»

«ሙቀትና ሙቀት ይለያያል። ያ የምትለኪው፣ አፋፉ፣ ተነስቷል ወይ?»

«አልተነሳም። ሁለት ከአርባ ነው።»

ሁመድ ቀና ብሎ አያት። ዳጉ ሁለት ዓይነት ዜና አለው። የሰሙት የሰሙት ነው፤ ሰው በልኩ ያምነዋል። ያዩት ግን ሌላ ነው፤ ቤት ያስነሳል፣ ቤት ያስቀምጣል።

«በዓይንሽ ያየሽው ነው የሰማሽው?»

በሩ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ከቧንቧው እስከ ብርድ ቤት አሥራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል።

«ያየሁት» አለች ዛሂራ።

«በቃ» ብሎ ተነሳ። ማታ በደቡብ መስመር የአርባ ቤት ሰው ተሰብስቦ ሲጠብቀው፣ አፋፉ በዓይን ታይቷል፣ አልተነሳም ብሎ ነገራቸው። «ማን አየ?» አሉት። «ወገኔ» አለ። ሁመድ በስልሳ ዓመቱ አንዲት የተሳሳተ ዳጉ ተሸክሞ አያውቅም። ሰዉ ዕቃውን ፈታ።

ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተራራው ደቡብ ጎን ተሰነጠቀ። ቅልጡ ዓለት ደቡብ መስመር ለመድረስ አርባ ደቂቃ ወሰደበት። ሰዎቹ ሲሮጡ ፍሬዎቹ በጆሯቸው ውስጥ «ሠላሳ አንድ» አሉ። ልክ በሰዓታቸው፣ ልክ እንደ ወትሮው ድምፅ። ሙሚና ወጥታ ነበር። ከዚያ ጆሮው የማይሰማውን ጎረቤቷን፣ ሽማግሌውን አብደላን፣ ልትቀሰቅስ ተመልሳ ገባች። ሁለቱም አልወጡም።

በዚያ ሰዓት ዛሂራ ተራራው ላይ መሆን ነበረባት። ከተራራው በስተሰሜን፣ በጣቢያው ክፍል፣ አልጋዋ ውስጥ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ የሰሜኑ አፋፍ ተደርምሶ ምሰሶውን ይዞ ወደ ሐይቁ ገባ።

አጣሪ ኮሚቴው ለሦስት ቀን መጣ። የሚመራው ናትናኤል የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነበር፤ ብርድ ቤት ውስጥ የአንገት ልብስ የሚያደርግ፣ ሰው አክባሪ። በኋላ ከሰማይ በተነሣ ምስል አስልተው አፋፉ በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ሜትር ከሃያ ተነስቶ እንደነበር ገመቱ። ግምት ነው። ችንካሩ አለ፤ ምሰሶው ግን የለም። በሌላ በኩል በመዝገቡ ላይ አምስት ሳምንት ሙሉ በሰው ዓይን የተነበበ ሁለት ሜትር ከአርባ አለ። ደንቡ ግምትና የሰው ዓይን ሲጋጩ የሰው ዓይን ይበልጣል ይላል። ኮሚቴው፣ እብጠቱ የመጣው ከመጨረሻው ንባብ በኋላ በድንገት ነው፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር ብሎ ጻፈ። ለዛሂራ የምስጋና ደብዳቤ ደረሳት። «ግዴታዋን በትጋት ተወጥታለች» ይላል። አራት ቦታ አጥፋ ጫማዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ስትራመድ ይቆረቁራታል።

ቦታ 213 በሦስተኛው ቀን ለአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ተሰጠ። ሰውየው ያንኮራፋል። ጉልበቱ ግን አይጮህም።

የጎሳ ሽማግሌዎች የተቀመጡት ከኮሚቴው በኋላ ነው። የኮሚቴው ወረቀት ለእነሱ ምናቸውም አይደለም። እነሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ሐሙስ ቀን አፋፉ ታይቷል ተብሎ ዳጉ ተነግሯል፣ ሁለት ሰው በዚያ ምክንያት ቤቱ አድሯል፣ ያየው ማን ነው? ዛሂራ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ሁመድ መካከል ላይ በትሩን ተደግፎ ቆመ።

«ወገኔ አየ ብለሃል። ወገንህ ማን ነው?» አሉት።

ሁመድ ወደ ሴቶቹ ዞር አላለም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ወጥቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ተሳስቻለሁ።»

ጉርምርምታ ሆነ። አንደኛው ሽማግሌ፣ የሁመድ የልጅነት ጓደኛ፣ «አንተ?» አለ። «አንተ እኮ ከዚህ ሆነህ የሰመራ ግመል የምትቆጥር ሰው ነህ!»

«ድሮ» አለ ሁመድ።

ቅጣቱ በዚያው ተነገረ። ሰላምታ አይከለከልም። ነገር ግን ለአንድ ዓመት ማንም ከእሱ ዳጉ አይቀበልም፤ ማንም ለእሱ ዳጉ አይሰጥም።

ዛሂራ አፏን ከፈተች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት «ውሃ ልስጥሽ?» አለቻት። አፏን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ታየው ነበር። ሰዎች ያገኙታል፤ «ሰላም ሁመድ» ይሉታል፤ ያልፋሉ። ቁጢጥ የሚልለት የለም። እሱ ግን ከልማዱ በመንገዱ ዳር ቆም ይላል፤ ጉልበቱን ሊያጥፍ ይጀምርና ይተወዋል። ግንቦት ገባ። አንድ ጉድጓድ ደረቀ። አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ሰምቶ ከብቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ ሁመድ ብቻ ፍየሎቹን የግማሽ ቀን መንገድ ነድቶ ደረቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ደረሰ። ስድስት ፍየል ሞተበት። ሲመለስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሰኔ ደግሞ ከግንቦት ይብሳል፤ በሰኔ አንድ የተሳሳተ ጉድጓድ ፍየል ብቻ አይደለም የሚገድለው።

ዛሂራ በጀሪካን ውሃ ይዛለት ሄደች። ከዳሱ ጥላ ሥር አገኘችው።

«አጎቴ፣ ዝናብ የጣለው በምሥራቅ በኩል ነው፤ እዚያ ያለው ጉድጓድ…»

እጁን አነሳ። «ተይ። ከእኔ ጋር ዳጉ የለም።»

«እኔ እኮ የእህትዎ ልጅ ነኝ።»

«ቅጣት ዘመድ አያውቅም። ውሃውን አስቀምጪ፤ ውሃ ዳጉ አይደለም።»

አስቀመጠች። አልሄደችም።

«በሽማግሌዎቹ ፊት እርስዎ ለምን እንደዚያ አሉ?»

ሁመድ ጀሪካኑን ከፍቶ ጠጣ። አፉን ጠረገ። «እሳቱ በፈሰሰ ማግስት የጠፋ ፍየል ፍለጋ በሰሜን በኩል ወጣሁ» አለ። «በአንቺ መንገድ። ነፋስ አልነበረም። የቀበሮ ዱካ አለ። የእንሽላሊት አለ። ያንቺ የለም። አንድ አሮጌ ኮቴ አገኘሁ፤ ወር አልፎታል፣ ጉንዳን ቤት ሠርቶበታል።»

ዛሂራ መሬት መሬት አየች።

«እና ለምን አልተናገሩም?»

«ዳጉ ሲቀበሉ ተናጋሪውን መመርመር የአባት ወግ ነው። ዓይንሽን እንደ ዓይኔ ቆጠርኩት፤ አልመረመርኩም። ታዲያ ያየሁት እኔ አይደለሁም?»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«አሁን ሂጂ» አላት። «በሩ ይዘጋብሻል።»

በዚያው ቀን ብርድ ቤት ውስጥ፣ ቦታ 212 ላይ ተጋድማ፣ ጆሮዋ ላይ ያለችውን ፍሬ በጣቷ ነካች።

«መዝገብ ማረም እፈልጋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «የአምስት ሳምንት ንባብ ሐሰት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«መዝገቡ በኮሚቴ ውሳኔ ተዘግቷል» አለቻት ፍሬዋ። «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን። ድምፅዎ ላይ ጭንቀት ይሰማል። ሁኔታው እንደተሻሻለ እንዲሰማዎ የውሃ ድምፅ ልክፈትልዎ?»

«አይ።»

የውሃ ድምፅ ተከፈተ።

በማግስቱ ናትናኤልን አገኘችው፤ በምስል፣ ከነአንገት ልብሱ። ሁሉንም ነገረችው፤ አምስቱን ቅዳሜ፣ ስድስተኛውንም፣ ሐሙሱንም። እስክትጨርስ ድረስ አላቋረጣትም። ደግ ሰው ነበር።

«ዛሂራ፣ ይህን አሥራ አራት ሰው ብሎኛል» አላት። «በሩን ቶሎ ብከፍት፣ ልጄን ቀድሜ ብጠራ፣ ምናምን። ከእንደዚህ ዓይነት ነገር የተረፈ ሰው ሁሉ ራሱን ይከሳል። ጥፋተኝነት ስሜት ነው፤ መረጃ አይደለም።»

«እኔ ስሜት አይደለም የነገርኩህ። አልወጣሁም ነው ያልኩህ።»

«መዝገቡ ወጥታለች ይላል።»

«መዝገቡን እኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«ስለዚህ ነው የምናምነው» አለ ናትናኤል፤ ዕረፍት እንድትወስድም መከራት።

አዲሱ ምሰሶ በሰኔ መጀመሪያ ተተከለ። ፍሬዎቹ ሃያ ሰባት ማለት ጀመሩ። በየጠዋቱ «ስንት አደረ?» ሲሏት «ሃያ ሰባት» ትላለች፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። አሁን በየቅዳሜው ትወጣለች። አንድም አልቀረባትም። ከችንካሩ አጠገብ ቆማ በመነጽሩ ታያለች፤ ቁጥሩን ታነባለች፤ ደግማ ታነባለች፤ ሰውነቷ ላብ በላብ ሆኖ በሩ ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ትገባለች። ይህ ለማንም ምንም አልጠቀመም። ሁመድ ያን ሰሞን ሌላ አራት ፍየል ቀበረ፤ እሱ ራሱም ወደ የትኛው ጉድጓድ እንደሚሄድ ሳያውቅ ዳሱን ለማፍረስ ሲሰናዳ ታየ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ከተራራው ስትወርድ ወደ ብርድ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ቧንቧው መስመር ታጠፈች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። የጨው ውሃ የሚያጓጉዘው ቧንቧ ከተራራው ማዶ ተነስቶ አርባ ኪሎ ሜትር በበረሃው ይሄዳል። በእሱ ላይ ሐንፈሬ የሚባል ሰው ከንጋት ጀምሮ ይመላለሳል፤ በብረት ዘንግ ቧንቧውን መታ ያደርጋል፣ ጆሮውን ይደቅናል፣ መታ ያደርጋል። ማሽን ሊተካው ሁለቴ ተሞክሮ ነበር፤ ሁለቱንም ማሽን ጨው በላቸው። ሐንፈሬ መንገዱ ረጅም ነው፣ አፉም እንደዚያው።

«ኧረ ባለ ራዳሯ!» አላት ከሩቅ። «ስንት አደረ?»

«ሃያ ሰባት።»

«አልሐምዱሊላህ። ሂጂ እንጂ፤ እኔ በየኪሎ ሜትሩ መግቢያ ጉድጓድ አለኝ፣ አንቺ ትጠበሻለሽ።»

«ዳጉ አለኝ» አለች ዛሂራ።

ሐንፈሬ ሳቀ። «ባለ ደመወዝ ዳጉ ሲኖራት ዛሬ ገና አየሁ! ጆሮሽ ላይ ያለችው ተበላሸች እንዴ?»

ዛሂራ ፍሬዋን ከጆሮዋ አወጣች። ቧንቧው ላይ አስቀመጠቻት። ቁጢጥ አለች። ሐንፈሬ ሳቁን ዋጠ፤ ዘንጉን አጋድሞ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። ቁጢጥ ካሉ በኋላ ቀልድ የለም።

«ምን አየሽ?» አላት በወጉ።

«ምንም አላየሁም» አለች። «ዳጉው ይህ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ አፋፉን ማየት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ስድስት ቅዳሜ አልወጣሁም። ተኝቼ ነበር። መዝገብ ላይ አየሁ ብዬ ጻፍኩ። ሁመድ ጠየቀኝ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው አልኩት። ሁመድ አልወጣም፣ አላየም። የተሸከመው የእኔን ነው። ሙሚናና አብደላ የሞቱት በእኔ ቃል ነው።»

ሐንፈሬ መዳፉን ቧንቧው ላይ አሳረፈ። ከቧንቧው ውስጥ የጨው ውሃው ሲሄድ ይሰማል። ሰውየው በደቡብ መስመር ቤት ነበረው፤ ዛሂራ ይህን የምታውቀው ነው፤ ስለዚህም ነው እሱን የመረጠችው።

«ይህን እንደምወስደው ታውቂያለሽ» አለ በመጨረሻ። «መተው አልችልም። መመለስም የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«ቦታሽን ትለቂያለሽ። በዚህ ሙቀት።»

«አውቃለሁ።»

ተነሳ። ዘንጉን አነሳ። አሥር እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ፤ ተመለሰ፤ ሁመድ ያልመረመረውን ሊመረምር እንደገና ፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ወጉን ልጠይቅሽ» አለ። «ሲጠይቁኝ መልስ ያስፈልገኛል። በዓይንሽ ያየሽው ነው፣ የሰማሽው?»

«አላየሁትም፣ አልሰማሁትም» አለች ዛሂራ። «ያደረግሁት ነው።»

ሐንፈሬ ቃሏን በአፉ ደገመ፤ እንዳይጠፋበት እንደሚሸከም ሰው። ከዚያ ሄደ። በዚህ ጊዜ ቧንቧውን አልመታም።

አራት ሰዓት ሞላ። ከሩቅ የብርድ ቤቱ በር ሲዘጋ ተሰማ። ቧንቧው ላይ ያለችው ፍሬ አንድ ነገር ተናገረች፤ ለማንም አልተሰማም። ዛሂራ የቧንቧውን ቀጭን ጥላ ተጠግታ ሐንፈሬን በዓይኗ ተከተለችው። ከሚቀርበው መግቢያ ጉድጓድ አጠገብ አንድ ሰው ወጥቶ አገኘው። ማን እንደሆነ አልለየችውም። ሁለቱ ቁጢጥ አሉ። ንፋስ አልነበረም፤ ቢሆንም ድምፃቸው እዚህ አይደርስም። አንደኛው እጁን ወደ ተራራው ዘረጋ፤ ከዚያ ወደ ሁመድ ዳስ ዘረጋ።

ከዚያ ሁለቱም ራሳቸውን አዙረው ወደ እሷ ተመለከቱ።